«ነጻ ከሆነ ኪራዩን በምን ይከፍላሉ?»

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለው የደለስ አየር ማረፊያ፣ የሾፌሮች መጠበቂያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግማሹ አማርኛ ተናጋሪ ነው። መኪኖቹ በረድፍ ቆመዋል። ተራው እስኪደርሰው አንዱ ወንበሩን አጋድሞ ያሸልባል፣ አንዱ አገር ቤት ይደውላል፤ ሌሎቹ አንዲት ነጭ ካምሪ ዙሪያ ተሰብስበው ከፔርሙስ ቡና ይቀዳሉ። ወሬው ከእግር ኳስ ተነስቶ ወደ ቤት ዋጋ፣ ከቤት ዋጋ ደግሞ ወደ ኤንቪዲያ አክሲዮን ተሻግሯል። ሠላሳ ዓመት የሞላው የማይመስል ወጣት ስልኩን አውጥቶ አረንጓዴ መስመር ሽቅብ የሚወጣበትን አፕ ያሳያል።

«ጋሼ፣ ኮሚሽን የሚባል ነገር ቀርቷል እኮ። ዜሮ ነው። በአምስት ዶላርም መጀመር ይችላሉ።»

ጋሼ የተባሉት ሰው አዲስ አበባ ሳሉ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን ተቀበሉት።

«ስገዛም አይቆርጡብኝም?»

«አይቆርጡም።»

«ስሸጥስ?»

«እሱም ነጻ ነው።»

«እና ይሄ ሁሉ ነጻ ከሆነ፣ የቢሮውን ኪራይ በምን ይከፍላሉ?»

ልጁ ሳቀ። መልስ ግን አልነበረውም። አካውንት ለመክፈት ከሚያስቡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ ያያሉ፣ ዜሮ ሲያገኙ ፍለጋቸው ያበቃል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ብሮከሮች ሁሉ ዜሮ ካሉ ግን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ዛሬ ርካሹን አካውንት መምረጥ ማለት ዋጋው የተደበቀበትን ቦታ መፈለግ ነው።

የጋሼ ጥያቄ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ዕድሜ ልክ የቆየ ነው ማለት ይቻላል። በ1792 ሜይ 17 ቀን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 24 የኒውዮርክ ደላሎች ዎል ስትሪት ላይ አንድ አጭር ውል ፈረሙ። የተስማሙት በሁለት ነገር ነው፦ እርስ በርሳቸው ቅድሚያ ሊሰጣጡ፣ ከሩብ በመቶ ባነሰ ኮሚሽንም ለማንም ላይገዙና ላይሸጡ። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥረው ከዚህ ውል ነው። በሌላ አነጋገር ገበያው የተወለደው ዋጋ ላለመቀነስ ከተደረገ ስምምነት ነው። ተመኑ በየዘመኑ ቢለዋወጥም፣ ደላሎቹ ራሳቸው የሚወስኑት የማይደራደሩበት ኮሚሽን ለ183 ዓመታት ጸንቶ ኖረ።

በ1975 ሜይ 1 ቀን የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽኑ፣ በተለምዶ ኤስኢሲ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ይህን ተመን አነሳ። ወዲያው የተጠቀሙት ትልልቆቹ ነበሩ፤ የጡረታ ፈንዶችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በቅናሽ ተደራደሩ። አንዳንድ ስመ ጥር ቤቶች የትንሹን ሰው ኮሚሽን እንዲያውም ጨመሩበት። ያንን ክፍተት ያየው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቢሮ የነበረው ቻርልስ ሽዋብ ነው። ምክር አልሰጥህም፣ ምሳ አልጋብዝህም፣ ያዘዝከውን ግን በርካሽ እገዛልሃለሁ አለ። ኢንተርኔት ሲመጣም ቀደመ፤ በ1998 በሽዋብ በኩል በኢንተርኔት አክሲዮን ለመግዛት 29 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይበቃ ነበር። ያኔ ይህ እንደ ርካሽ ይታይ ነበር። በወር መቶ ዶላር መቆጠብ ለሚችል ሰው ግን ገና ሳይጀምር ሠላሳው ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ ሮቢንሁድ መጣ። በ2013 ተመሥርቶ በ2015 አፑን ለሕዝብ ከፈተ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኮሚሽኑ ዜሮ ነበር። ነባሮቹ ቤቶች ለጥቂት ዓመታት እንደ ልጆች ጨዋታ አዩት። በ2019 ኦክቶበር 1 ቀን ግን ሽዋብ 4 ዶላር ከ95 ሳንቲም የነበረውን ኮሚሽኑን ጨርሶ እንደሚያነሳ አስታወቀ። የዚያን ቀን የተፎካካሪው የቲዲ አሜሪትሬድ አክሲዮን 26 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የኢትሬድ 16 በመቶ። ቲዲ አሜሪትሬድ እዚያው ማምሻውን፣ ኢትሬድ በማግስቱ፣ ፊደሊቲ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተከተሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽዋብ ቲዲ አሜሪትሬድን በ26 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ።

ሽዋብ ይህን ያህል ሊደፍር የቻለው ኮሚሽን ከገቢው ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ስለነበረ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ገቢው የሚመጣው ከወለድ ነበር፤ ደንበኞቹ አክሲዮን ሳይገዙበት አካውንታቸው ውስጥ ካስቀመጡት ጥሬ ገንዘብ ወለድ። ለጋሼ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ኪራዩን የምንከፍለው እኛ ነን፤ በተኛው ገንዘባችን።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ትንሹን ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ማንም የማያነበው ይህ ነው። አንድ ሰው ከባንኩ ሺህ ዶላር ወደ ብሮከሩ ሲያስተላልፍ ገንዘቡ ወዲያው አክሲዮን አይሆንም። እስኪገዛበት ድረስ አንድ ቦታ ያርፋል። የሚያርፍበትን ቦታ የሚመርጠው ደንበኛው ካልሆነ ብሮከሩ ነው። አንዳንዱ ብሮከር የራሱ ባንክ ውስጥ ያስገባና ቁራጭ ወለድ ይከፍልበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የመንግሥት የአጭር ጊዜ ብድር በያዘ የገንዘብ ገበያ ፈንድ ውስጥ ያስቀምጥለታል። ከ2023 አጋማሽ እስከ 2024 ሴፕቴምበር የፌደራል ሪዘርቭ ወለድ ከ5 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ፣ ሽዋብ ለዚህ ዓይነቱ ገንዘብ የሚከፍለው 0.45 በመቶ ነበር። በዚያው ወቅት ፊደሊቲ ገንዘቡን የሚያሳርፍበት ፈንድ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ይከፍል ነበር። አሥር ሺህ ዶላር ይዞ «ገበያው ሲወርድ እገዛለሁ» ብሎ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ልዩነት ከ400 ዶላር በላይ ነው። በድሮው 4 ዶላር ከ95 በወር አንዴ የገዛ ሰው በዓመት የሚከፍለው 59 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። ኮሚሽኑ ቀረልን ብለን የጨፈርነው ለየትኛው ሒሳብ እንደነበር አስቡት።

ሽዋብ ላይ ገንዘቡን ወደ ተሻለ ፈንድ ማዞር አይቻልም ማለቴ አይደለም። ይቻላል፤ ግን ደንበኛው ራሱ ፈልጎ መግዛት አለበት። ነገሩ ከስንፍናችን የሚገኝ ትርፍ ነው። የሽዋብ አውቶማቲክ የኢንቨስትመንት አገልግሎትም ከደንበኞች ገንዘብ ከፍ ያለ ድርሻ በጥሬው እንዲቀመጥ ያደርግ ነበርና፣ ጉዳቱን በግልጽ አልነገራችሁም ተብሎ በ2022 ከኤስኢሲ ጋር በ187 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ተወርቶለታል። ወጣቱ ሾፌር ስልኩ ላይ «ግዛ» የሚለውን ሲነካ ትዕዛዙ በቀጥታ ወደ ኒውዮርክ ገበያ የሚሄድ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሄደው እንደ ሲታደል ሴኩሪቲስና ቨርቱ ወዳሉ የጅምላ ነጋዴዎች ነው። ዶላር የሚመነዝር ሰው የመግዣና የመሸጫ ዋጋ እንደሚለይ ሁሉ እነዚህም ከሁለቱ ዋጋዎች መካከል ካለው ስንጥቅ ይኖራሉ፤ ትዕዛዙን ላመጣላቸው ብሮከርም ከስንጥቁ ላይ ያካፍሉታል። በ2021 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ከሮቢንሁድ ገቢ 81 በመቶው የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ክፍያ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2020 ዲሴምበር፣ ኤስኢሲ ሮቢንሁድ ይህንን የገቢ ምንጩን ለደንበኞቹ በትክክል አልነገረም ብሎ 65 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ደንበኞቹ በከፋ ዋጋ በመገበያየታቸው፣ ያተረፉት ኮሚሽን ተቀንሶ እንኳ፣ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንደከሰሩ ኤስኢሲ አስልቷል። ሮቢንሁድ ክሱን ሳያምንም ሳይክድም ከፈለ።

ታሪኩ ግን እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምርጫው ቀላል ነበር፤ ይህን ክፍያ ከሚቀበሉት ራቅ፣ ከማይቀበሉት ክፈት ማለት ብቻ ነው። ክሪስቶፈር ሽዋርዝ የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ፕሮፌሰርና ባልደረቦቹ በራሳቸው ገንዘብ የተለያዩ ብሮከሮች ዘንድ አካውንት ከፍተው፣ አንድ ዓይነት ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ እየላኩ 85,000 ያህል ግብይቶችን አነጻጸሩ። ገዝቶ ለመሸጥ የወጣው ስውር ዋጋ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ከ0.07 በመቶ እስከ 0.46 በመቶ ይለያይ ነበር። በሺህ ዶላር ሲሰላ አንዱ ጋ 70 ሳንቲም፣ ሌላው ጋ 4 ዶላር ከ60 ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ግን ብሮከሩ ከጅምላ ነጋዴው የሚቀበለው ክፍያ መጠን አልነበረም። ክፍያ እየተቀበለ ጥሩ ዋጋ የሚያስገኝ ቤት አለ፤ ሳይቀበል የማያስገኝም አለ። ስለዚህ «ትዕዛዜን ትሸጣለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ያህል ብቻ ይመዘን። በወር አንዴ ገዝቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ጉዳዩ የሳንቲሞች ነው። በቀን አሥር ጊዜ ለሚገዛና ለሚሸጥ ግን ሌላ ነው።

በቀን አሥር ጊዜ መግዛትና መሸጥን የሚያስለምደው ደግሞ አፑ ራሱ ነው። የሮቢንሁድ ደንበኞች በአንድ ወቅት የመጀመሪያ ግዢያቸውን ሲፈጽሙ ስክሪናቸው ላይ እንደ ሰርግ ቤት ባለቀለም ወረቀት ይበተንላቸው ነበር። ኩባንያው ወቀሳው ሲበዛበት በ2021 አስቀረው። ወረቀቱ ቢቀርም አሠራሩ አልቀረም፤ «ይህ አክሲዮን ዛሬ 8 በመቶ ወጣ» የሚለው ማሳወቂያ፣ ብዙ ሰው የገዛው ዝርዝር፣ ኦፕሽን (አክሲዮንን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) ለመጀመር የሚጋብዘው ቁልፍ። ኦፕሽን ለብሮከሩ ከተራ አክሲዮን የበለጠ ገቢ ያመጣል፤ ግብዣውም የበዛው ለዚህ ነው። በ2020 ጁን አንድ የ20 ዓመት ተማሪ አፑ ላይ ከ730,000 ዶላር በላይ ዕዳ ያለበት የሚያስመስል ቁጥር አይቶ ሕይወቱን አጥፍቷል። ፊንራ የተባለው የብሮከሮች ተቆጣጣሪ በ2021 ሮቢንሁድን 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲቀጣ፣ ለደንበኞች ከታዩት የተሳሳቱ ቁጥሮችና ለማይገባቸው ሰዎች ከተፈቀደው ኦፕሽን ጋር አያይዞ ነው።

ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት ፕሮፌሰሮች በ2000 ያሳተሙት ጥናት አሁንም የሚጠቀሰው በምክንያት ነው። የአንድ ርካሽ ብሮከር ደንበኛ የሆኑ 66,465 ቤተሰቦችን ከ1991 እስከ 1996 ተከታተሉ። ገበያው በዓመት በአማካይ 17.9 በመቶ ባደገበት ዘመን፣ ከሁሉ በላይ የሚገዙና የሚሸጡት ቤተሰቦች ያገኙት 11.4 በመቶ ነበር። አማካዩ ቤተሰብ 16.4 አገኘ። ያኔ ኮሚሽን ነበረ፣ ዛሬ የለም ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን መገላበጥን የሚገታ ክፍያ ሲጠፋ ብዙ ሰው የበለጠ እንጂ ያነሰ አልተገላበጠም። ስለዚህ አፕ ሲመረጥ አንድ የማይጻፍ መስፈርት አለ፦ ዝም የሚል አፕ ጥሩ አፕ ነው። ማሳወቂያውን ሁሉ ማጥፋት ካልቻላችሁ ያ አካውንት ውድ ነው።

ሌላው ዋጋ ደግሞ ያለው አካውንቱ ላይ ሳይሆን የምንገዛው ነገር ላይ ነው። በ1976 የቫንጋርድ መሥራች ጆን ቦግል የገበያውን መለኪያ የሚከተል የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ፈንድ ለተራው ሰው ሲያወጣ 150 ሚሊዮን ዶላር ጠብቆ 11.3 ሚሊዮን ብቻ ሰበሰበ። የቦግል ቂልነት ተባለ። ዛሬ 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የያዘው የቫንጋርድ ፈንድ ዓመታዊ ክፍያው 0.03 በመቶ ነው፤ ከአሥር ሺህ ዶላር ሦስት ዶላር። አንድ ደግ ፊት ያለው አማካሪ የሚሸጥልን ፈንድ 1 በመቶ ካስከፈለ ግን መቶ ዶላር ነው፤ በየዓመቱ። ገበያው በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ ብለን ብናሰላ፣ አሥር ሺህ ዶላር በ30 ዓመት ውስጥ በመጀመሪያው ፈንድ ወደ 75,000 ሲደርስ በሁለተኛው 57,000 ላይ ይቀራል። 18,000 ዶላር ማለት ከአገር ቤት ለሚመጣ ልጅ የኮሌጅ ዓመት ነው።

ወደ ሾፌሮቹ ልመለስ፤ እነሱን የሚመለከት ግን የማይነገራቸው አንድ ጉዳይ ስላለ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አሠሪው የሚያዋጣለት የጡረታ ቁጠባ ሊኖረው ይችላል። ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የሚነዳ፣ ፀጉር ቤት ያለው፣ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ግን አሠሪው ራሱ ነው። ይህ ሰው የአክሲዮን አካውንት ሊከፍት ሲያስብ «የትኛው ብሮከር?» ከማለቱ በፊት «ምን ዓይነት አካውንት?» ማለት አለበት። ያው ብሮከር፣ ያው አፕ፣ ያው ዜሮ ኮሚሽን ሆኖ፣ ተራ አካውንት ሲከፈት አክሲዮን በትርፍ በተሸጠ ቁጥር ትርፉ ለግብር ይታሰባል። አንድ ዓመት ሳይሞላ የተሸጠ እንደ ደመወዝ ገቢ ይታያል። ሮት አይአርኤ የሚባለው የጡረታ አካውንት ሲሆን ግን ግብሩ አስቀድሞ በተከፈለበት ገንዘብ ይገባል፤ በውስጡ የተገኘው ትርፍ ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ፣ አካውንቱ አምስት ዓመት ከሞላው፣ ያለ ግብር ይወጣል። ያስገቡትን ዋናውን ገንዘብ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ያለ ግብርና ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። «ገንዘቤ ይታሰርብኛል» ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለ2025 የተፈቀደው 7,000 ዶላር ሲሆን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው 8,000 ነበር። ለ2026 መነሻው ወደ 7,500 ከፍ ብሏል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ሾፌሮች በደንብ ይስሙኝ። ወደ ሮት የሚገባው ገንዘብ ለግብር ከተመዘገበው የሥራ ገቢ ሊበልጥ አይችልም። ብዙ ሾፌር የማይል ወጪውን ቀንሶ ቀንሶ የዓመቱ ትርፉ ወረቀት ላይ አራት ሺህ ዶላር ብቻ ይሆናል። እጁ ላይ የያዘው ምንም ቢሆን፣ በዚያ ዓመት በራሱ ገቢ ማስገባት የሚችለው ከአራት ሺህ አይበልጥም፤ ባለትዳር ሆኖ ከሚስቱ ጋር በጋራ ካላስታወቀ በቀር። ግብር የሚሠራላችሁን ሰው «ዝቅተኛውን ቁጥር ካመጣህልኝ ደስ ይለኛል» ከማለታችሁ በፊት ይህንን ጠይቁት።

አካውንት ሲከፈት የመግቢያው ብቻ ሳይሆን የመውጫው በርም ይታይ። አክሲዮንን ከአንዱ ብሮከር ወደ ሌላው ሳይሸጡ ማዛወር ይቻላል። ፊደሊቲ ሲወጡ አያስከፍልም፣ ሽዋብ ሙሉ አካውንት ሲዛወር 50 ዶላር፣ ሮቢንሁድ 100 ዶላር ነው። ሁሉም በድረ ገጻቸው የዋጋ ዝርዝር አላቸው፤ ከመፈረም በፊት ይነበብ፣ ይለዋወጣልና። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ወጣቱ ያሞገሰው የአምስት ዶላር ግዢ ነው። የአክሲዮን ቁራጭ መግዛት ለትንሽ ገንዘብ ትልቅ በር ከፍቷል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቁራጩ አይዛወርም። ሙሉ የሆነው ይሄዳል፣ ቁራጩ ተሽጦ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል፤ ተራ አካውንት ከሆነ ግብሩም ይከተላል። ፊደሊቲ በ2018 ያወጣቸው ክፍያቸው ዜሮ የሆነ ፈንዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ከፊደሊቲ ውጪ ይዘዋቸው መሄድ አይቻልም። ያለ ክፍያ የሚገባበት ቤት መውጫው ላይ ቢቆልፍ አይድነቀን።

«ብሮከሩ ቢከስርስ?» የሚለውን ሽማግሌዎች ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ባንክ ሲወረስ ያዩ ትውልድ ናቸው። በ1970 የተቋቋመው ሲፒክ የሚባል ድርጅት አባል የሆነ ብሮከር ከስሮ የደንበኛ ንብረት ቢጎድል እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ እስከ 250,000። አክሲዮኑ ራሱ ዋጋው ቢወርድ ግን ሲፒክ የለበትም። ለትንሽ ኢንቨስተር ሽፋኑ ይበቃል።

መክሰር ሳይደርስም ግን የብሮከር አቅም ሊፈተን ይችላል። በ2021 ጃንዋሪ 28 ቀን የቪዲዮ ጌም ሻጩ የጌምስቶፕ አክሲዮን ሲንተገተግ 483 ዶላር በደረሰበት ዕለት፣ ግብይቶችን የሚያወራርደው ተቋም ገና ሳይነጋ ከሮቢንሁድ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መያዣ ጠየቀ። ሮቢንሁድ ያን ያህል አልነበረውም። ድርድሩ መጠኑን ቢያወርደውም ሮቢንሁድ ደንበኞቹ ጌምስቶፕን እንዳይገዙ ከለከለ፤ መሸጥ ብቻ ፈቀደ። በዚያ ቀን ትልቅ ካፒታል ያላቸው እንደ ፊደሊቲ ያሉት መግዛቱን ክፍት አድርገው ዋሉ። ጌምስቶፕን መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነበር አልልም፤ በራሴ ገንዘብ ላይ በሩን የሚዘጋብኝ ቤት ግን አልፈልግም።

ከሁሉም የከፋው ውድ አካውንት የውሸቱ ነው። በቴሌግራምና በዋትስአፕ በአማርኛ «በየቀኑ የተረጋገጠ ትርፍ» የሚሉ ቡድኖች ሞልተዋል፤ አስተማሪው ጥሩ አማርኛ ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያውቀናል፣ አፑ ላይ ቁጥሩ በየቀኑ ያድጋል። ማውጣት ሲፈለግ «መጀመሪያ ግብሩን ክፈሉ» ይላል። ፊንራ ብሮከርቼክ የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለው፤ የድርጅቱን ስም ማስገባት ብቻ ነው። ስሙ ከሌለ ወሬውም ያብቃ። ሕጋዊ ብሮከር በግለሰብ ስም በዜል ወይም በክሪፕቶ ገንዘብ ላኩልኝ አይልም።

ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ለሚያነብ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖርና ዜጋ ያልሆነን ሰው ብዙዎቹ የአሜሪካ ብሮከሮች አይቀበሉትም፤ ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ከሚቀበሉት ዋናው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የውጭ ዜጋ መሆኑን የሚገልጽ ቅጽ ይሞላል፤ ከሚደርሰው የትርፍ ድርሻም፣ አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌላት፣ 30 በመቶ ይቆረጣል። ኢትዮጵያም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ስምምነቱ የላቸውም። ብዙ ሰው ደግሞ የማያውቀው የውርስ ግብሩን ነው፦ ከ60,000 ዶላር በላይ የአሜሪካ አክሲዮን ይዞ ለሞተ የውጭ ነዋሪ፣ ከዚያ በላይ ያለው እስከ 40 በመቶ በሚደርስ ግብር ሊነካ ይችላል።

በሌላ በኩል የደለሶቹ ሰዎች የአገር ቤቱን አክሲዮን ፈልገው ያጡበት ጊዜ አለ። በ2024 ኦክቶበር ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን በሚል ገደብ፣ በቴሌብር ሽያጭ ሲከፍት የፈቀደው ለኢትዮጵያ ዜጎች ነበር። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሁሉ ከዚያ ሰልፍ ውጪ ሆነ።

ፍርዴን እንግዲህ ልናገር። በወር መቶ፣ ሁለት መቶ ዶላር እየቆጠበ ለዓመታት ለማስቀመጥ ለሚፈልግ የአሜሪካ ነዋሪ እኔ ፊደሊቲን አስቀድማለሁ። ሳይጠየቅ ገንዘቡን ደህና ወለድ ላይ ያሳርፋል፣ ሲወጡ አያስከፍልም፣ ከአንድ ዶላር ጀምሮ ቁራጭ ይሸጣል፣ የአክሲዮን ትዕዛዝ በመላክም ከጅምላ ነጋዴዎች ክፍያ አይቀበልም፤ ከኦፕሽን ግን ይቀበላል። አፑ ውበት የለውም፤ ያ ለኔ ጥቅሙ ነው። ሽዋብ ሁለተኛ ነው፤ ቅርንጫፍ ገብቶ ሰው ማነጋገር ለሚወድ እንዲያውም አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ የተኛውን ገንዘብ በእጁ ወደ ፈንድ ማዞር እንዳይረሳ ብቻ። ቫንጋርድ ለታጋሽ ሰው ነው፤ ስልክ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ይጠይቃል። ሮቢንሁድን የምመክረው እጁን ከስልኩ ላይ ማንሳት ለሚችል ሰው ብቻ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ ሮቢንሁድ አያስፈልገውም። የትኛውም ቤት ቢከፈት ማርጂን የሚባለው የብድር ፈቃድ ይጥፋ፣ ኦፕሽን አይጠየቅ፣ በየወሩ አውቶማቲክ ግዢ ይታዘዝ።

የጊዜ ገደቡን ደግሞ አትርሱ፤ ያለፈውን ዓመት የሮት አይአርኤ መዋጮ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ማስገባት ይቻላል። ቀኑ ካለፈ የዚያ ዓመት ድርሻ አይመለስም።